ጥቅጥቅ ያለው ክሮማቲን በኒውክለስ ውስጥ ቦታውን የሚይዘው እንዴት ነው?

በስሱ የተቆረጠ የሴል ኒውክለስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ መልኩ አንድ ወጥ አይደለም። ከኒውክለሱ ሽፋን ሥር ዙሪያውን ተጠግቶ የሚሄድ ጠቆር ያለ ጠርዝ አለ፤ ጠርዙ ግን በየመሃሉ ይቋረጣል፣ የሚቋረጠውም ሽፋኑን ከሚበሱት ቀዳዳዎች ትይዩ ነው። ወደ ውስጥ ጠለቅ ሲባል ኑክሊዮለስ የሚባለውን ክብ አካል የከበበ ሌላ ጥቁር ንብብር ይታያል። በእነዚህ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ፈዘዝ ያለ ነው። ዲኤንኤ ከተጠመጠመባቸው ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ክሮማቲን ይባላል፤ ጥቁሩ ጥቅጥቅ ብሎ የታመቀው ክሮማቲን፣ ማለትም ሄትሮክሮማቲን ሲሆን፣ ፈዛዛው ደግሞ ላላ ብሎ የሚገኘው ዩክሮማቲን ነው። ይህ አቀማመጥ በአብዛኞቹ የሰውና የእንስሳት ሴሎች ውስጥ ስለሚደጋገም ለረጅም ጊዜ ማብራሪያ እንደማያሻው ነገር ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ዳር ዳሩን የያዘው ሽፋኑ ስለሚስበው ነው፣ ከመሃል ስለሚገፋ ነው፣ ወይስ በሌላ ምክንያት? አጥጋቢ መልስ መገኘት የጀመረው ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ውስጥ ነው፤ መልሱም ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ሆኖ ተገኝቷል።

አስቀድሞ መታረም ያለበት አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያሉት 46 ክሮሞሶሞች የያዙት ዲኤንኤ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል 2 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ኒውክለሱ ግን ከዳር እስከ ዳር 10 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ብዙ ጽሑፎች ከዚህ በመነሣት ዲኤንኤው የታመቀው ቦታ ስለጠበበው ነው ብለው ይደመድማሉ። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። የዲኤንኤ ክር ውፍረት 2 ናኖሜትር ስለሆነ የ2 ሜትሩ ክር ጠቅላላ ይዘት ከ6 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ኒውክለስ ይዘት ደግሞ ከ500 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ይበልጣል። ራቁቱን ዲኤንኤ ብቻ ከወሰድን የሚይዘው ከኒውክለሱ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ክሩ የሚጠመጠምባቸውን ፕሮቲኖች ብንጨምር እንኳ ኒውክለሱ ገና ባዶ ቦታ ይተርፈዋል። ስለዚህ ከፊሉ ክሮማቲን ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከፊሉ ላላ ብሎ መቀመጡ በጥበት የመጣ ግዴታ ሳይሆን ሴሉ ራሱ የሚፈጥረውና ጠብቆ የሚያቆየው ልዩነት ነው።

የልዩነቱ መነሻ ኑክሊዮሶም ነው። ሮጀር ኮርንበርግ በ1974 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባቀረበው ሐሳብ መሠረት (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዲኤንኤ የሚጠመጠመው ሂስቶን በሚባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ስብስብ ላይ ነው። በ1997 ይፋ የሆነው ዝርዝር የክሪስታል ምስል በእያንዳንዱ ስብስብ ላይ ወደ 147 የሚጠጉ የቤዝ ጥንዶች (የዲኤንኤው ጥንድ ጥንድ ፊደላት) አንድ ዙር ከግማሽ በላይ ተጠምጥመው መቀመጣቸውን አሳይቷል። ከዚያ በላይ ስላለው ደረጃ የመማሪያ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ የኖሩት ኑክሊዮሶሞች ተደራርበው 30 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ሥርዓታማ ገመድ ይሠራሉ፣ ያም እንደገና ተጠምዝዞ ይወፍራል የሚለውን ነው። ይህ ገመድ በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ ይገኛል፤ በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ ግን ተፈልጎ ሊገኝ አልቻለም። ክሮማቲንን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ በ2017 ሲቀርብ የታየው ውፍረቱ ከ5 እስከ 24 ናኖሜትር የሚለዋወጥ፣ በየአቅጣጫው የሚተጣጠፍና ሥርዓት የሌለው ሰንሰለት ነበር። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው ጥቅጥቅ ባለውና ላላ ባለው ክፍል ያለው ሰንሰለት በዓይነቱ ያው መሆኑ ነው፤ የሚለየው በአንድ በተወሰነ ቦታ ውስጥ ምን ያህሉ ተከማችቷል የሚለው ብቻ ነው። በእኔ አመለካከት በርካታ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ያንን ደረጃ በደረጃ የሚወፍር ውብ ገመድ ማሳየታቸው አንባቢን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሄትሮክሮማቲንን በተለየ ጥበብ የተጠቀለለ ነገር ያስመስለዋል፤ እውነቱ ግን የመጠጋጋት ጉዳይ መሆኑ ነው።

ሄትሮክሮማቲን የሚለውን ስም በ1928 ያወጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤሚል ሃይትዝ ነው። ሞስ የሚባሉትን ትንንሽ ዕፅዋት ሲመረምር ከክሮሞሶሞቻቸው አንዳንዱ ክፍል ሴሉ ተከፍሎ ካበቃ በኋላም ሳይላላ፣ ደማቅ ቀለሙን እንደያዘ እንደሚቆይ አስተዋለ። ዛሬ ሄትሮክሮማቲን በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሁሉም ሴሎች ውስጥ ለማለት ይቻላል ሁልጊዜ ታምቆ የሚኖረው ነው፤ በክሮሞሶሙ ወገብና ጫፎች አካባቢ ያሉትን እየተደጋገሙ የሚሄዱ ቅደም ተከተሎችና ከቦታ ቦታ መዝለል የሚችሉ የዲኤንኤ ቁራጮችን ይይዛል። የዚህ ዓይነቱ መለያ ኤች3 በሚባለው ሂስቶን ዘጠነኛ ቦታ ባለው ላይሲን (ከፕሮቲን መገንቢያዎች አንዱ የሆነ አሚኖ አሲድ) ላይ የሚለጠፉት ሜታይል የሚባሉ ትንንሽ ኬሚካላዊ ቡድኖች ናቸው። ኤችፒ1 የተባለው ፕሮቲን ይህን ምልክት አንብቦ ይጣበቃል፤ ኤችፒ1 ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የመያያዝ ባሕርይ ስላለው አንዱን ኑክሊዮሶም ከሌላው ጋር ማቀራረብ ይችላል። ሁለተኛው እንደ ሴሉ ዓይነትና ዕድገት የሚታመቅና የሚላላ ነው፤ መለያውም በዚያው ሂስቶን 27ኛ ቦታ ባለው ላይሲን ላይ ያለ ሜታይል ሲሆን ይህን የሚጽፉት ፖሊኮምብ በሚል ስም የሚጠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በሴት አጥቢ እንስሳት ሴል ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች ሥራ ያቆመው አንዱ ነው። መሪ ባር በ1949 በድመት የነርቭ ሴሎች ውስጥ ያየው ትንሽ ጥቁር አካል ይኸው ክሮሞሶም መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሜሪ ላየን በ1961 ከሁለቱ አንዱ በዘፈቀደ ተመርጦ ዝም እንደሚል ሐሳብ አቀረበች። ይህ ክሮሞሶም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከኒውክለሱ ሽፋን ወይም ከኑክሊዮለስ ተጠግቶ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አቀማመጡ እንመለስ። ከኒውክለሱ ሽፋን በስተውስጥ ላሚን በሚባሉ ፕሮቲኖች የተሸመነ ላሚና የሚባል መረብ አለ። በ2008 የታተመ ጥናት በሰው ሴሎች ውስጥ ከዚህ መረብ ጋር የሚነካኩትን የዲኤንኤ ክፍሎች ካርታ ሲያወጣ ከ1,300 በላይ ሰፋፊ ክልሎች አገኘ፤ እያንዳንዱ ከመቶ ሺህ እስከ አሥር ሚሊዮን የቤዝ ጥንዶች ይይዛል፤ ተደምረው ከጠቅላላው ዲኤንኤ ሲሶውን ይበልጣሉ። በውስጣቸው ያሉት ጂኖች ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በአብዛኛው አይሠሩም። ካርታው የተወሰደው ከብዙ ሴሎች አማካይ ነበር። በ2013 እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ መከታተል ሲቻል ግን በአንድ ሴል ውስጥ ላሚናውን የሚነኩት ከእነዚህ ክልሎች ሲሶው ያህል ብቻ መሆናቸው ታወቀ። የቀሩት ወደ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ሴሉ ሲከፈል ደግሞ ተራው ይቀያየርና ባለፈው ዳር የነበረው ከኑክሊዮለስ አጠገብ ሊገኝ ይችላል። ጥቅጥቅ ያለው ክሮማቲን ቁርጥ ያለ አድራሻ የለውም፤ ያለው ዝንባሌ ነው።

ዝንባሌው እስከ ሙሉ ክሮሞሶም ድረስ ይሄዳል። ሴሉ ባልተከፈለበት ጊዜ እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱ ግዛት አለው የሚለውን ሐሳብ ቴዎዶር ቦቬሪ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያራመደው ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ወንድማማቾቹ ቶማስና ክሪስቶፍ ክሬመር እንዲሁም ሌሎች ተመራማሪዎች በሙከራ አጸኑት። በግዛቶቹ አደላደል በኩል በ1999 የታተመ ሥራ ሁለት መጠናቸው ብዙ የማይራራቁ የሰው ክሮሞሶሞችን አነጻጽሮ ነበር። ጂን በብዛት የሚገኝበት 19ኛው ወደ መሃል፣ ጂን የሚያንስበት 18ኛው ወደ ዳር ሆነው ተገኙ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ማስረጃ ሁሉ አንድ ቀላል ማብራሪያ የሚደግፍ ይመስላል፤ ላሚናው ጥቅጥቁን ክፍል ጎትቶ ይይዛል፣ በዚህም ኒውክለሱ ዳርና መሃል ይኖረዋል የሚለውን። ይህን ግምት ያናጋው ሌሊት ከሚንቀሳቀሱ አጥቢ እንስሳት ዓይን የመጣ ግኝት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል።

በአይጥ ሬቲና ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚያገለግሉት ዘንጋማ ሴሎች ኒውክለሳቸው የተገለበጠ ነው። ኢሪና ሶሎቬይና ባልደረቦቿ በ2009 እንደገለጹት የእነዚህ ሴሎች ጥቅጥቅ ክሮማቲን በሙሉ ወደ መሃል ተሰብስቦ አንድ ትልቅ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። በማዕከሉ ያለው ከክሮሞሶሞቹ ወገብ አካባቢ የመጣው ከሁሉ ይበልጥ የታመቀው ክፍል ነው፤ በላዩ ሌላው ሄትሮክሮማቲን እንደ ሁለተኛ ንብብር ይጠመጠምበታል፤ ላላ ያለውና ጂኖቹ የሚሠሩበት ዩክሮማቲን ደግሞ ከሽፋኑ ሥር ቀጭን ውጫዊ ንብብር ሆኖ ይቀራል። ግልገሏ ስትወለድ ኒውክለሱ እንደ ሌሎች ሴሎች ኒውክለስ ነው፤ የሚገለበጠው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቀስ በቀስ ነው። ጥቅሙም ከዕይታ ጋር የተያያዘ ነው። የታመቀው ማዕከል ብርሃንን ከሌላው ክፍል አብልጦ ስለሚሰብር እያንዳንዱ ኒውክለስ እንደ ጥቃቅን ሌንስ ሆኖ ብርሃኑ ሳይበተን ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ለዚህም ነው ግልባጩ የሚታየው ሌሊት በሚያድኑና በሚመገቡ እንስሳት ላይ እንጂ ቀን በሚንቀሳቀሱት ላይ ያልሆነው።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ግን መንስኤው ነው። ዘንጋማዎቹ ሴሎች ሁለት ነገሮች ይጎድሏቸዋል፤ በሽፋኑ ውስጥ ተተክሎ ከሄትሮክሮማቲን ጋር የሚያያዘው የላሚን ቢ ተቀባይ የሚባለው ፕሮቲንና ላሚን ኤ/ሲ። በ2013 ያው ቡድን እንዳሳየው በአይጥ ዘንጋማ ሴሎች ውስጥ የላሚን ቢ ተቀባይ እንዲመረት ቢደረግ ኒውክለሱ ሳይገለበጥ ይቀራል። በተቃራኒው ሁለቱም የሌሏቸው አይጦች ሲፈጠሩ በሌሎች የአካል ክፍሎች ያሉ የተለያዩ ሴሎች ኒውክለስም ይገለበጣል። ልብ በሉ፤ ማሰሪያው ሲበጠስ ሄትሮክሮማቲኑ በኒውክለሱ ውስጥ አልተበተነም፣ ከዩክሮማቲኑም ጋር አልተደባለቀም። እርስ በርሱ ተሰብስቦ መሃል ገባ። እንግዲያው ጥቅጥቁን ከላላው የሚለየው ላሚናው አይደለም ማለት ነው።

በ2019 የታተመ ሥራ ይህንኑ በስሌት አረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ ክሮሞሶሞችን በኮምፒዩተር ላይ እንደ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ወስደው የተለያዩ የመሳሳብ ኃይሎችን እያፈራረቁ ሞከሩ፤ ውጤቱንም በማይክሮስኮፕ ከታየው የተገለበጠ ኒውክለስ ጋር አስተያዩ። ከእውነታው ጋር የገጠመው ሞዴል በሄትሮክሮማቲን ክፍሎች መካከል ያለው መሳሳብ ከሁሉ የበረታበት ነው፤ ዩክሮማቲን ከዩክሮማቲን ጋር ያለው መሳሳብ ቢወጣም ብዙ የሚጎድል ነገር አልነበረም። በዚያው ሞዴል ላይ ሄትሮክሮማቲኑን ከሽፋኑ ጋር የሚያስረው ኃይል ሲጨመር የተለመደው ኒውክለስ ተመልሶ ይመጣል። ዘይት ከውሃ የሚለየው ዕቃው ምንም ዓይነት ቢሆን ነው፤ ዕቃው የሚወስነው ዘይቱ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው። በኒውክለሱም መለያየቱ የሄትሮክሮማቲኑ የራሱ ሥራ ሲሆን፣ ላሚናው የሚወስነው የተለየው ክፍል ዳር ይሁን መሃል የሚለውን ነው። እኔ ከዚህ ዘርፍ አንድ ግኝት ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ሲጻፍለት የኖረው ፈዛዛው፣ ጂን የሚሠራበት ክፍል ሆኖ ሳለ የኒውክለሱን ቅርጽ የሚያወጣው ዝም ያለው ክፍል ሆኖ ተገኝቷልና።

ከማይክሮስኮፕ ውጭ የመጣ ማስረጃም በዚሁ አቅጣጫ ይመራል። በ2009 ይፋ የሆነው ሃይ-ሲ የተባለው ዘዴ በኒውክለስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚገኙ የዲኤንኤ ክፍሎችን አጣብቆ በቅደም ተከተል ንባብ ይለያቸዋል። ውጤቱም ክሮሞሶሞቹ ኤ እና ቢ በተባሉ ሁለት ዓይነት ክፍሎች ተከፋፍለው፣ ኤ ከኤ ጋር፣ ቢ ከቢ ጋር መገናኘትን እንደሚያዘወትሩ አሳየ። ቢ በአመዛኙ ሄትሮክሮማቲን ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ሥርዓት አለ፤ ኮሂሲን የሚባል ቀለበት መሰል ፕሮቲን ዲኤንኤውን በውስጡ እየሳበ ቅስት ያወጣል፣ ሲቲሲኤፍ የተባለ ሌላ ፕሮቲን የተቀመጠበት ቦታ ሲደርስም ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ሁለቱ ሥርዓቶች ተጋጋዥ ይመስላሉ፤ በ2017 በወጡ ጥናቶች ኮሂሲን ከሴሎች ሲወገድ ግን ቅስቶቹ ሲጠፉ የኤ እና የቢ መለያየት ከቀድሞው ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ኮሂሲን ክሩን ያለማቋረጥ ስለሚያንቀሳቅሰው ሳይወድ በግድ ጥቅጥቁንና ላላውን ያቀላቅላል፤ እርሱ ሲነሣ መሳሳቡ ያለ ተቀናቃኝ ሥራውን ይሠራል።

መሳሳቡ ራሱ ከምን ይመጣል? በዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ገና አልተስማሙም። በ2017 ሁለት የምርምር ቡድኖች ኤችፒ1 በቱቦ ውስጥ እንደ ፈሳሽ ጠብታ እየተሰበሰበ ከአካባቢው እንደሚለይ አሳይተው ሄትሮክሮማቲንም በዚሁ መንገድ ይፈጠራል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2020 የወጣ ሌላ ሥራ ግን በአይጥ ሴሎች ውስጥ ያሉት ጥቅጥቅ ነጥቦች እንደ ፈሳሽ ጠብታ እንደማይሆኑ፣ ኤችፒ1ም ሳይኖር መጠጋጋታቸው እንደማይፈርስ ገልጿል። የሂስቶኖቹ የራሳቸው መሳሳብ፣ የኤችፒ1 ማያያዝና የሌሎች ፕሮቲኖች ድርሻ ምን ያህል ምን ያህል እንደሆነ እየተጠና ነው፤ አንድ ብቻውን ሁሉን የሚያስረዳ ሞለኪውል ይገኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

ጥቅጥቅ ማለት የተዘጋ ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ኤችፒ1 በሚያበራ (ፍሎረሰንት) ምልክት ተለይቶ ሲታይ በሄትሮክሮማቲን ውስጥ ያለው በሰከንዶችና በደቂቃ ልክ ከውጭ ባለው ይተካል፤ የሚቆየው ስብስቡ እንጂ አባላቱ አይደሉም። ዲኤንኤው ሲባዛ ሄትሮክሮማቲኑ በአብዛኛው ተራው የሚደርሰው በመጨረሻ ቢሆንም አንድም ሳይቀር ይባዛል። የዲኤንኤው ሁለቱም ክሮች በሄትሮክሮማቲን ውስጥ ሲበጠሱ ደግሞ፣ በ2011 በፍሬ ዝንብ ሴሎች ላይ እንደታየው፣ የተበጠሰው ቦታ የጥገናውን የመጨረሻ ደረጃ ለመፈጸም ከጥቅጥቁ ክልል ወደ ውጭ ይወጣል። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ፤ በውስጡ ተመሳሳይ ድግግሞሾች ተከማችተው ስለሚገኙ የተበጠሰው ጫፍ ከተሳሳተ ክሮሞሶም ጋር ሊቀጠል ይችል ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚቀላቀል ሌላም ነጥብ አለ፤ ዳር መቀመጥ ራሱ ጂንን ያጠፋል ወይስ የጠፋ ጂን ዳር ይቀመጣል የሚለው። ትንሿ ክብ ትል፣ ካኢኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ፣ እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ናት። በትሏ ፅንስ ውስጥ ሲኢሲ-4 የሚባል ፕሮቲን ሜታይል የተለጠፈበትን ሂስቶን ይዞ ከሽፋኑ ጋር ያስራል፤ ፕሮቲኑ ሲጠፋ ሄትሮክሮማቲኑ ከዳር ይላቀቃል፣ ዝም ያሉት ጂኖች ግን ዝም እንዳሉ ይቆያሉ። እንግዲህ ቢያንስ በዚያ ሁኔታ ዝምታውን የጻፈው ምልክቱ እንጂ ቦታው አይደለም። ቦታው ፋይዳ የለውም ማለትም አይቻልም፤ ያው ፕሮቲን የጠፋባቸው ፅንሶች የጡንቻ ሴል እንዲሆኑ ሲገፋፉ የያዙትን የሴል ማንነት አጽንቶ መቆየት ያዳግታቸዋል።

ይህ ሁሉ አደረጃጀት ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ፈርሶ ይሠራል። ክፍፍሉ ሲቃረብ በኤች3 አሥረኛ ቦታ ባለው ሴሪን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት የሚባል ኬሚካላዊ ቡድን ሲለጠፍ ኤችፒ1 በአመዛኙ ይላቀቃል፤ ላሚናው ይበታተናል፤ ክሮሞሶሞቹ ሁሉ ጥቅጥቁም ላላውም ሳይባል ይጠቀለላሉ። ሁለቱ አዳዲስ ኒውክለሶች ሲገጣጠሙ የሚተርፈው መመሪያ በሂስቶኖቹ ላይ የቀረው የሜታይል ምልክት ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ ሄትሮክሮማቲኑ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይሰባሰባል፣ ዳሩንም ይይዛል።

ሥርዓቱ ሲዛነፍ የሚሆነውን ፕሮጄሪያ የተባለው ሕፃናትን ያለጊዜያቸው የሚያስረጅ ብርቅ በሽታ ያሳያል። በ2003 መንስኤው በላሚን ኤ ጂን ውስጥ ያለ የአንድ ፊደል ለውጥ መሆኑ ታወቀ። በዚህ ለውጥ የተነሣ 50 አሚኖ አሲዶች የጎደሉበት ፕሮቲን ይመረትና ከሽፋኑ ላይ ሳይላቀቅ ይከማቻል፤ ኒውክለሱ ይጨማደዳል፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ጠርዝም እየሳሳ ይሄዳል። ጠርዙ ለጂን ቁጥጥር ብቻ ሳይሆን ለኒውክለሱ ጥንካሬም ያስፈልጋልና ጉዳቱ ድርብ ነው። ክሮማቲኑ ሲላላ ኒውክለሱ ይለሰልሳል፣ ሲታመቅ ይጠነክራል። ሴሎች በዚህ ባሕርይ ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ጊዜም አለ፤ በ2020 በታተመ ሙከራ የቆዳ ሴሎች በኃይል ሲለጠጡ ከዳር ያለው የሄትሮክሮማቲን ምልክት ለጊዜው ቀነሰ፣ ኒውክለሱም ለሰለሰ፣ በዚህም ዲኤንኤው ከመጎዳት ዳነ። መለጠጡ ሲቀጥል ሴሎቹ አቅጣጫቸውን ከጉተታው ጋር አስተካክለው ከጫናው ሲገላገሉ ሄትሮክሮማቲኑ ወደ ቀድሞው መጠኑ ተመለሰ።